ፒያኖና ድምፅ ብቻ ይበቃል ወይ? የአዴል «ሳምዋን ላይክ ዩ» እንዴት እዛ ደረሰ

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ «ከምወደው ሰው ጋር ተለያይቼ አንድ ዘፈን ሰርቻለሁ፣ ፒያኖና ድምፅ ብቻ ነው። ስቱዲዮ ያሉት ልጆች ይሄ ገና ዴሞ፣ የሙከራ ቅጂ ነው፣ ድራምና ቤዝ ስትሪንግም (ቫዮሊንና መሰሎቹ) ካልገባበት ማንም አይሰማውም አሉኝ። የአዴል ሳምዋን ላይክ ዩ ፒያኖ ብቻ አይደል እንዴ አልኳቸው፣ እሷ እኮ በቲቪ ነው የተነሳችው አሉኝ። እውነት ነው? ማስታወቂያ ነው፣ ዕድል ነው፣ ወይስ የሚያስለቅስ ኖታ አለው የሚባለው ነገር ልክ ነው?»

ሰላም እህቴ። ፒያኖ ሳስተምርና ዘፈን ሳቀናብር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እና ዘፈን ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ምን እንጨምርበት?» ነው የሚለው፣ «ምን እንተውለት?» ብሎ የመጣ እስከዛሬ ሁለት ሰው ቢሆን ነው። ያንቺ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው የነካኝ። ረዘም ስለሚል ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የቲቪውን ነገር እናንሳ፣ ልጆቹ ያሉት ግማሹ እውነት ስለሆነ። «21» የሚባለው የእንግሊዛዊቷ ዘፋኝ የአዴል ሁለተኛ አልበም እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ጃንዋሪ 24 2011 ነው፣ ሳምዋን ላይክ ዩም («እንዳንተ ያለ ሰው» ማለት ነው) በዛው ሰሞን ነው እንደ ነጠላ ዜማ የቀረበው። አልበሙ ወዲያው አንደኛ ሆነ፣ ዘፈኑ ለብቻው ሲታይ ግን ያን ያህል አልነበረም፣ እዛ አገር ሳምንታዊ ሰንጠረዥ ላይ 47ኛ ቦታ ላይ ነበር። ከዛ ፌብሯሪ 15 ማክሰኞ ማታ ለንደን ኦ ቱ አሬና ብሪት አዋርድስ የሚባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ሽልማት ዝግጅት ላይ ዘፈነችው፣ እሁድ ሰንጠረዡ ሲነገር አንደኛ። በዋናነት ከማክሰኞ ማታ እስከ ቅዳሜ በተሸጠው 46 ደረጃ ወጣ ማለት ነው። በዛ ሳምንት ሁለት ዘፈኖቿ ከነጠላ ዜማዎች የመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ፣ ሁለት አልበሞቿ ከአልበሞች የመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ነበሩ፣ እንደዚህ ያለ ነገር በህይወት ያለ አርቲስት የሰራው ከቢትልስ 1964 በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

ይሄ እንዴት ተቻለ ለሚለው የሰንጠረዡ (የቻርቱ) አሰራር መልስ አለው፣ እሱንም ማወቅ ይጠቅምሻል። ያኔ የእንግሊዝ ሰንጠረዥ የሚቆጥረው ሽያጭ ነው፣ ሲዲና ዳውንሎድ፣ ስትሪሚንግ የተጨመረው በ2014 ነው። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ሲዲ ላይ ለብቻው ያልታተመ ዘፈንም በዳውንሎድ ብቻ መግባት ይችል ነበር። ስለዚህ ያን ማታ ሶፋ ላይ ሆኖ ያየ ሰው አልበሙን በሙሉ መግዛት አይጠበቅበትም፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያቺን አንዷን ዘፈን በትንሽ ሳንቲም ወሰዳት፣ ጠዋት ስራ ቦታ ሄዶ «አይተሃል?» አለ፣ ያኛውም ገዛ። ዛሬ ስሜቱ ቢመጣብሽ ደጋግመሽ ትሰሚያለሽ እንጂ አትገዢም፣ ስለዚህ የዛሬ ዘፈን በአንድ ሌሊት እንደዛ አይዘልም፣ ቀስ እያለ ነው የሚከመረው። ልጆቹ «በቲቪ ነው» ሲሉ ይሄን ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው።

ግን ያን ምሽት እኮ እሷ ብቻ አልታየችም። ዝግጅቱን የከፈቱት ቴክ ዛት የሚባሉት እንግሊዛውያን ባንድ ናቸው፣ ጋሻ የያዙ አድማ በታኝ ፖሊስ መስለው የለበሱ ዳንሰኞች አሰልፈው። ሪሃና ብዙ ዘፈን አያይዛ አቀረበች። መብራቱ፣ ዳንሱ፣ ልብሱ የጉድ ነበር። ከዛ አቅራቢው ጄምስ ኮርደን ስሟን ጠራ፣ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ሴት ቆማ። ምንም ነገር አትነቃነቅም። መጨረሻው ላይ ድምጿ ሊሰበር ሲል ይሰማሻል፣ እንባዋ ይመጣል፣ ህዝቡ ይነሳል። በኋላ ስትጠየቅ ያ ሰውዬ፣ ዘፈኑን የሰራችለት የድሮ ፍቅረኛዋ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ እያያት በእሱ ምክንያት ስታለቅስ እያወቀ ሲስቅባት በአይኗ እንደመጣባት ተናግራለች። ይሄ ደግሞ በማስታወቂያ በጀት የሚገዛ ነገር አይደለም፣ ቲቪው ያደረገው ዝም ያለ ነገርን ከጩኸት መሃል አምጥቶ ማሳየት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ያው ነገር ተደገመ፣ ለዚህ ነው ዕድል የሚለውን የማልቀበለው፣ ዕድል አንዴ እንጂ ሁለቴ በአንድ አይነት መንገድ አይመጣም። ኦገስት 28 2011 ሎስ አንጀለስ የኤምቲቪ ሽልማት፣ ያን ማታ ቢዮንሴ እርጉዝ መሆኗን መድረክ ላይ ያሳየችበት፣ ሌዲ ጋጋ ወንድ ሆና ለብሳ የመጣችበት ነው፣ ሰው ስለዛ ነው የሚያወራው ብለሽ ትጠብቂያለሽ። አዴል እንደገና አንድ ፒያኖ ይዛ ቆመች፣ ዘፈኑ ቢልቦርድ ሆት 100 በሚባለው የአሜሪካ ሳምንታዊ የዘፈን ሰንጠረዥ ላይ ከ19 ወደ 1። ቢልቦርድ ራሱ እንዳለው በፒያኖና በድምፅ ብቻ የተሰራ ዘፈን በዛ ሰንጠረዥ ታሪክ አንደኛ ሲወጣ ይሄ የመጀመሪያው ነበር። ሰንጠረዡ የጀመረው 1958 ነው፣ አስቢው።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም፣ መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎላት ነበር። ከዚህ በፊት የወጣው «ሮሊንግ ኢን ዘ ዲፕ» ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ሰባት ሳምንት አንደኛ የቆየ፣ እግር የሚያስመታ፣ የተናደደ ዘፈን። ሰው መጀመሪያ ንዴቷን ሰማ፣ ድምጿን ለመደ፣ ማን እንደሆነች አወቀ፣ ከዛ ነው ንዴቱ ወርዶ ሀዘኑ ብቻ የቀረበትን የሰማው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ቢሆን ሳምዋን ላይክ ዩ ያን ያህል ይሄድ ነበር ብዬ አላምንም። ተለያይቶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣ መጀመሪያ ትናደጃለሽ፣ ሀዘኑ በኋላ ነው የሚመጣው፣ አልበሙም ወደ ገበያ የወጣበት መንገድ ይሄንኑ የተከተለ ነው፣ የዘፈኑም ቦታ አልበሙ ላይ የመጨረሻው ነው።

አሁን ወደ አሰራሩ፣ እኔን ደስ የሚለኝ ክፍል። አዴል ሰውዬው ከተለያዩ ብዙም ሳይቆይ ከሌላ ሴት ጋር ቀለበት ማሰሩን ሰማች። ዘፈኑን ለብቻዋ በጊታር ጀመረችው። ከዛ ሎስ አንጀለስ፣ ዌስት ሆሊውድ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ከዳን ዊልሰን ጋር ተገናኘች፣ ያገናኛቸው ፕሮዲውሰሩ ሪክ ሩቢን ነው። ዊልሰን ሴሚሶኒክ የሚባል ባንድ የነበረው ሰው ነው፣ ዘፈን አብሮ በመጻፍ ትልቅ ስም ያለው። ከጊታሩ ወደ ፒያኖ እናምጣው ያለው እሱ ነው፣ ፒያኖውን የመታውም እሱ ራሱ ነው። ሁለት ቀን ነው የፈጀባቸው። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ያልተጠናቀቀውን ይዛ ሄዳ ለማናጀሯና ለእናቷ አሰማች፣ እናቷ አለቀሰች። በቃ፣ ያንን ይዛ ተመለሰች፣ ጨረሱት።

እና ያ ዴሞ ነው የወጣው። ልጆቹ «ይሄ ዴሞ ነው» ያሉሽን አስታውሺ። ዴሞ ተብሎ የተቀዳው ነው አልበሙ ላይ ያለው፣ በኋላ ባንድ ገብቶ ስትሪንግ ተጭኖ የተሰራ ሌላ ቅጂ አይደለም። የሮሊንግ ኢን ዘ ዲፕም የአዴል ድምፅ ከፕሮዲውሰሩ ፖል ኤፕዎርዝ ጋር በዴሞው ጊዜ የተቀዳው ነው የቀረው። ይሄ ስንፍና አይደለም። አንድ ዘፋኝ ግጥሙን ገና ባገኘው ሰዓት የሚዘፍንበት ሁኔታ አለ፣ የሚለውን ነገር ራሱም እየሰማው ነው፣ ቃሉ ገና አልለመደውም፣ በሶስተኛው ወር ስቱዲዮ ገብቶ ደግመህ ዝፈነው ስትዪው ኖታው ይስተካከላል፣ ያ ነገር ግን ሄዷል። ይሄን ከራሴ ተማሪዎችም ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ሙዚቃው ምን ውስጡ አለ? ሙዚቃ ካልተማርሽ ይሄን አንቀጽ እለፊው። ኪው ኤ ሜጀር ነው፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 67 ገደማ፣ የልብ ምት አካባቢ። ቨርሱ (ከአዝማቹ በፊት ታሪኩ የሚነገርበት ክፍል) ላይ አራት ኮርድ ነው የሚዞረው፦ ኤ፣ ከዛ ኢ ግን ቤዙ ጂ ሻርፕ ላይ፣ ኤፍ ሻርፕ ማይነር፣ ዲ። ቤዙን ብቻ ተከተዪው፣ ኤ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤፍ ሻርፕ እያለ በደረጃ ይወርዳል፣ ሰው ደረጃ ላይ እጀታውን ይዞ ቀስ ብሎ እንደሚወርደው። አዝማቹ ላይ ኮርዶቹ ያው ናቸው ማለት ይቻላል፣ ቤዙ ግን ወደየኮርዱ ስር ይሄዳል፣ ስለዚህ መሬት የነካ ይመስላል። እነዚህ አራት ኮርዶች በፖፕ ውስጥ ሺህ ጊዜ ያለቁ ናቸው፣ ምንም ምስጢር የላቸውም። ቀኝ እጁ ኮርዱን በትኖ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ ይመታል። አዝማቹ ሲመጣ ድምጿ ከታች ከንግግር ቦታ ተነስቶ ወደላይ ይዘላል፣ ፒያኖው ግን ተከትሏት አይሮጥም።

ዋናው ነገር እሱ ጋ ነው። ፒያኖው ስለማይሮጥ ድምጿ ላይ የሚሆነው እያንዳንዱ ነገር ይታይሻል። ትንፋሽ ስትስብ ትሰሚያለሽ። አንድ ቃል ላይ ጉሮሮዋ ሲሻክር ትሰሚያለሽ። አንድ ፊደል ላይ ስትቆይ ለምን ቆየች ብለሽ ታስቢያለሽ። ድራም ቢኖር ድራሙ «አሁን አዝማች መጣ፣ ተዘጋጂ» ይልሻል፣ ስትሪንግ ቢኖር «አሁን እዘኚ» ይልሻል፣ እዚህ ግን ማንም ምንም አላለሽም፣ ስለዚህ የራስሽን ሰው አምጥተሽ እዛ ባዶ ቦታ ላይ ታስቀምጪዋለሽ። እኔ ከዚህ ሌላ ምክንያት የለውም ባልልም ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው ብዬ እከራከራለሁ፣ ስከራከርም ኖሬያለሁ። ዘፈኑ አራት ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ ነው፣ ለሬዲዮ ረጅም ነው፣ በዚህ ሁሉ ርዝመት አንድም መሳሪያ አልተጨመረበትም፣ እና አይሰለችም።

የሚያስለቅስ ኖታ የሚባለው ደግሞ ከየት መጣ መሰለሽ። በ2012 ፌብሯሪ ላይ፣ ዘፈኑ ግራሚ የሚባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት በወሰደበት ሰሞን፣ የአሜሪካው ጋዜጣ ዎል ስትሪት ጆርናል ይሄ ዘፈን ሰውን ለምን ያስለቅሳል የሚል ጽሁፍ አወጣ። እዛ ላይ የእንግሊዛዊው የሙዚቃ ሳይኮሎጂስት የጆን ስሎቦዳ ስራ ተጠቀሰ፣ እሱ ሰዎችን የትኛው ሙዚቃ የትኛው ቦታ ላይ እንባ ወይም ውርር የሚል ስሜት እንደሚያመጣባቸው ጠይቆ ነበር፣ እንባ ካመጡት ቦታዎች ብዙዎቹ ላይ አፖጃቱራ የሚባለውን አገኘ። አፖጃቱራ ከጣልያንኛ ነው፣ መደገፍ ከሚለው፣ ኮርዱ ውስጥ የሌለ ኖታ ላይ ዘፋኟ ትንሽ ትደገፍና ከዛ ወደሚስማማው ትወርዳለች፣ ጆሮ ለአፍታ ይጨነቅና ይፈታለታል። የኛ ድምፃውያን ቅላጼ ውስጥ ይሄ በሽ በሽ ነው፣ ስም ስላላወጣንለት ነው እንጂ።

ጽሁፉ ከወጣ በኋላ ኖታ የሚያነቡ ሰዎች በጣም ተከራከሩ፣ በትክክለኛው ትርጉሙ እዚህ ዘፈን ውስጥ አፖጃቱራ ያን ያህል የለም፣ ያለው የድምፅ ማጠፍና ማንሸራተት ነው አሉ። እኔም ኖታውን ዘርግቼ ሳየው ከነሱ ጋር ነኝ። የስሎቦዳ ጥናት መጥፎ አይደለም፣ መጨነቅና መፈታት ሰው እንደሚነካ ማንም ሙዚቀኛ ያውቃል። ችግሩ ሰው ያንን አንብቦ «አፖጃቱራ ካስገባሁ ሰው ያለቅሳል» ብሎ ሲያስብ ነው። በርበሬ ወጡን ያቀላዋል ተብሎ በርበሬ ብቻ አይበላም። እሱን ቀመር ብለው የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አሉ፣ ጊዜሽን አታጥፊባቸው።

ስለግጥሙ ደግሞ ሰው ብዙ የማያወራውን ልንገርሽ። የመለያየት ዘፈን አብዛኛው ወይ ከሳሽ ነው ወይ ለማኝ ነው። ይሄ ሁለቱንም አይደለም። ታሪኩ አንዲት ሴት የድሮ ሰውዋ እንዳገባ ትሰማለች፣ ሳትጠራ ትሄዳለች። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚባለውን ራሷ ላይ ታመጣለች፣ ታውቃለችም፣ እንደማይገባት እያወቀች ነው በሩ ላይ የቆመችው። ከዛ መልካሙን ትመኝላቸዋለች፣ ወዲያው ግን እንዳይረሳት ትለምነዋለች። ምርቃቱና ልመናው አንድ ትንፋሽ ውስጥ ነው ያሉት፣ አንዱ ሌላውን ውሸት ያደርገዋል። እና ደግሞ እንዳንተ ያለ አገኛለሁ ስትል ሰሚው ሁሉ አላመናትም፣ እሷም ያመነችው አይመስልም። እዚህ ላይ ነው ያ እፍረቷ የሚነካሽ፣ እፍረት ከሀዘን ይልቅ ይበልጥ ያስለቅሳል ብዬ ነው የማስበው። እንግሊዝኛው ስላልተሰማቸው ሰርግ ላይ ዝፈኑልን ብለው የጠየቁን ሙሽሮች አሉ፣ ዜማው ፍቅር ይመስላላ፣ እኛም ሌላ መርጠንላቸዋል።

ሰዉ እንዴት እንደተቀበለው ለማወቅ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አትዪ። በዛው 2011 እንግሊዝ ውስጥ የዛ አስር ዓመት የመጀመሪያው ሚሊዮን የተሸጠ ነጠላ ዜማ ሆነ። አውስትራሊያ፣ ፈረንሳይ፣ ጣልያን፣ አየርላንድ አንደኛ ወጣ። በ2012 ግራሚ ላይ ያኔ አዲስ የተከፈተው የምርጥ የብቸኛ ዘፋኝ ፖፕ አቀራረብ ሽልማት የመጀመሪያዋ ተሸላሚ አደረጋት፣ በዛ ማታ ስድስት ወሰደች። ለኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው በኖቬምበር 2011 ሳተርደይ ናይት ላይቭ የሚባለው የአሜሪካ ቲቪ ፕሮግራም ላይ የቀረበው ነው፣ ቢሮ ውስጥ የሚሰሩ ሰዎች ይሄን ዘፈን ከፍተው አንድ በአንድ እየመጡ አብረው የሚያለቅሱበት ድራማ። ዘፈኑ ወጥቶ አንድ ዓመት ሳይሞላው ስሙ ሲጠራ «ማልቀሻ» ማለት እንደሆነ አገሩ ሁሉ ተስማምቷል ማለት ነው። ዘፈን ሰው ለአንድ ስራ ሲጠቀምበት፣ ለማልቀስ፣ ለመታረቅ፣ ለመርሳት፣ ያኔ ከዘፋኟ እጅ ወጥቷል። እሷ ራሷ በዛ ሰሞን ድምጿ ታሞ ኮንሰርቶቿን ሰርዛ ቦስተን ጉሮሮዋን ኦፕሬሽን አድርጋ ነበር፣ ዘፈኑ ያለሷ ነበር የሚሄደው።

የኛ ጆሮ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ካሳ ተሰማ ክራሩን ይዞ ብቻውን ሲያንጎራጉር ቤዝ የለም ብሎ የተነሳ ሰው የለም። እማሆይ ፅጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ብቻ መትተው፣ ድምፅ እንኳን ሳይጨምሩ፣ በ1967 አልበም አሳትመዋል፣ ዛሬ ዓለም እየሰማቸው ነው። ትዝታ እኮ የቅኝቱም የዘፈኑም ስም የሆነው በከንቱ አይደለም፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ መሳሪያ፣ የሄደ ሰው፣ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። በዛወርቅ አስፋው ትዝታ ስትል ሰው ዝም የሚለው ቅንብሩን ለመስማት አይደለም። ስቱዲዮ ያሉት ልጆች ይሄን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም፣ ኪቦርድ ላይ ሁሉም ድምፅ ስላለ ሁሉንም መንካት ያምረናል፣ እኔንም ያምረኛል።

ከራሴ ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ያንቺን አይነት ዘፈን ይዛልኝ መጣች፣ እናቷ ከሞተች በኋላ የሰራችው፣ በስልኳ የቀዳችው። ስልኩ ላይ ያለውን ስሰማ እጄ ቆመ። ከዛ ምን አደረግኩ፣ ሶስት ሳምንት ሰራሁበት፣ ስትሪንግ፣ ዋሽንት፣ ሁለተኛው ቨርስ ላይ ድራም፣ መጨረሻ ላይ ኳየር። ቆንጆ ነበር፣ ሰው ሁሉ ቆንጆ ነው አለ። ልጅቷ ግን ስትሰማው ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ስልኳን አውጥታ የድሮውን ከፈተችልኝ፣ ሁለታችንም ዝም አልን። የወጣው የኔ ነው፣ ገንዘቡ ተከፍሎ ስለነበር፣ እና እስከዛሬ ስሰማው ያ ዘፈን እዛ ውስጥ ታፍኖ ይሰማኛል። ላንቺ ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለሱም ጭምር ነው።

እሺ አንቺ ምን ታድርጊ። ዘፈንሽን አልሰማሁትም፣ ስለዚህ ሁሉም ዘፈን ባዶ ሲሆን ያምራል አልልሽም፣ አንዳንዱ በእውነት ድራም ይፈልጋል። መለያው ይሄ ነው፦ ዘፈኑን ለማያውቁት ሶስት አራት ሰዎች ክፍል ውስጥ በቀጥታ ዝፈኚው፣ በስፒከር አታሰሚ፣ ራስሽ ዝፈኚ። ሁለተኛው ቨርስ ላይ ስልካቸውን ካነሱ ችግሩ ግጥሙ ወይ ዜማው ላይ ነው፣ ድራም አይፈታውም፣ ቁጭ ብለሽ ግጥሙን ስሪ። ካላነሱ ማንም እንዲነካው አትፍቀጂ። ፒያኖው ላይ የሚመታው ሰው ደግሞ ባንቺ ዜማ መሃል ጣቱን ማሳየት የማያምረው ይሁን፣ የዊልሰንን ስሚው፣ ያን ያህል የሚችል ሰው አራት ደቂቃ ሙሉ ራሱን ይዞ ነው የመታው፣ ይሄ ከመምታት ይከብዳል።

ኪውንም (ዘፈኑ የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ) አስቢበት። ቨርሱ እንደምታወሪው ድምፅ ታች ይሁንልሽ፣ አዝማቹ ላይ ለመድረስ የምትቸገሪበት ከፍታ ይሁን፣ የማትደርሺበት ግን አይሁን። ብዙ ልጆች ሁሉንም መሃል ላይ ምቹ ቦታ አድርገው ይቀዱትና ዘፈኑ ሜዳ ይሆንባቸዋል፣ ከዛ ያንን ሜዳ ለመሙላት ነው ስትሪንግ የሚያስገቡት።

አወጣጡ ላይ፣ ሌላ ሞቅ ያለ ዘፈን ካለሽ እሱን አስቀድሚ፣ ሰው ድምፅሽን ይልመደው፣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ይሄን አውጪ። ክሊፕ ለመስራት ገንዘብ ቢኖርሽም ተዋናይ ቀጥረሽ ካፌ ውስጥ ሲጣላ አታሳዪ፣ አንቺ፣ ፒያኖው፣ አንድ ካሜራ፣ ሳይቆረጥ አንዴ የተዘፈነ። የአዴልን ዘፈን ሁለት ጊዜ ያነሳው እንደዛ ቆማ ስትዘፍን መታየቷ ነው፣ ፓሪስ ላይ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸው ክሊፕ የወጣው ዘፈኑ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ከሆነ በኋላ ነው። የብሪት አዋርድስ መድረክ የለሽም፣ ግን ሰው የሚያየው ስልኩ ላይ ነው፣ ስልክ ላይ ደግሞ ከጩኸቱ ሁሉ መሃል ዝም ያለ ነገር ሲመጣ ጣት ይቆማል።

ሚክስ ላይ ሪቨርቡን (ድምፁን የሚያስተጋባውን) ቀንሺው፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ያለሽ ሳይሆን አጠገቤ የተቀመጥሽ ምሰዪ። ድምፅሽ ላይ ኦቶቱን (የሳተ ኖታን በኮምፒውተር የሚያቃና) አድርገው አስተካክለውት ከሆነ ያልተነካውን ፋይል ጠይቂያቸው፣ ሁለቱንም አይንሽን ጨፍነሽ ስሚ። እና ከመጀመሪያው ቃል በፊት የምትስቢያት ትንፋሽ አለች፣ ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ንፁህ እንዲሆን ብሎ ሊቆርጣት ነው፣ እንዳይቆርጣት አሁኑኑ ደውለሽ ንገሪው።